ጅብ ኢንሹራንስ የለውም፦ ስለ ኖ ክሌም ቅናሽና ስለ አረቦን እድሳት

(ድሬዳዋ ውስጥ ለባለመኪናዎች፣ ለባለ ባጃጆችና ለሹፌሮች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ሙቀቱ በረድ ባለ ሰዓት፣ ንፋስ መቀበል ሲገባችሁ እኔን ልትሰሙ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይወደድም። ስለዚህ እኔም እንደ አገሩ "አንተ" እያልኩ ነው የማወራው። ሴቶቹ "አንቺ" እንዳልኳችሁ ቁጠሩልኝ።

ስለ ኢንሹራንስ ሲወራ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። ገንዘብ ሲነሳ ግን ሁሉም ጆሮውን ያቀናል። በገንዘቡ ልጀምር።

አንድ የሳቢያን ሰፈር ልጅ እንውሰድ። ልጁን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲመቹ ያመጣኋቸው ናቸው። ቪትዝ አለው፤ ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቶላታል። ምንም ቅናሽ ባይኖረው የዓመት አረቦኑ፣ ማለት ለኢንሹራንሱ የሚከፍለው፣ 40,000 ብር ነው። ሦስት ዓመት ካሳ ሳይጠይቅ ስለቆየ 40 በመቶ ተቀንሶለት 24,000 ብር ይከፍላል። ካሳ ላልጠየቀ ሰው የሚደረገው ይሄ ቅናሽ ነው ኖ ክሌም የሚባለው። ኩባንያው ለመጀመሪያው ንጹሕ ዓመት 20፣ ለሁለተኛው 30፣ ለሦስተኛው 40፣ ለአራተኛው 50 በመቶ ይቀንሳል እንበል። ከ50 በላይ የለም። ልጁ ዘንድሮንም በሰላም ከጨረሰ በሚቀጥለው ዓመት የሚከፍለው 20,000 ብር ብቻ ነው።

አሁን ከዚራ ውስጥ ጥላ ፍለጋ ወደ ኋላ ሲገባ ዛፍ ገጨ። ፓራውልቱ ተሰበረ፣ የኋላ መብራቱ ተሰነጠቀ። ጋራዥ ሲሄድ ላሜራውንም ቀለሙንም ጨምሮ 16,000 ብር ተባለ።

ልጁ ምን ይላል? "ኢንሹራንስ የምከፍለው ለዚህ አይደል እንዴ!" ይልና ፎርም ይሞላል። ውሉ ላይ ግን በየአደጋው ከራሱ ኪስ የሚችለው 5,000 ብር አለ። ኤክሰስ የሚሉት ነው። ስለዚህ ከኩባንያው የሚያገኘው 11,000 ብር ነው።

እድሳት ሲደርስ ቅናሹ ዜሮ ገባ። 20,000 ሊከፍል የነበረው ሰው 40,000 ከፈለ። በቀጣዩ ዓመት 20 በመቶ ስለሚቀነስለት 32,000 ይከፍላል፤ ባይጠይቅ ኖሮ ግን እዚያው 20,000 ላይ ነበር። 12,000 ሌላ ወጣ ማለት ነው። ከዚያ 8,000። ከዚያ 4,000። ደምሩት። 44,000 ብር! 11,000 ሊቀበል ሄዶ 44,000 ከፍሎ ተመለሰ።

ከኋላ "ኧረ አቦ!" ያልከው ልክ ነህ። ግን ቆይ፣ እንዳላጋንን። ይሄ ስሌት ልጁ በእነዚያ አራት ዓመታት ሌላ ምንም አደጋ እንደማይደርስበት አድርጎ ነው የቆጠረው። በሚቀጥለው ዓመት ከባድ አደጋ ቢደርስበትና ካሳ ቢጠይቅ ቅናሹ ያኔውኑ ይሄድ ነበር። ደግሞም ከአራት ዓመት በኋላ የሚከፈል ብር ዛሬ እጅህ ላይ ካለው ብር ጋር እኩል አይደለም፤ ይሄን ለድሬ ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ 44,000 ጣሪያው ነው። በየቀኑ የደንገጎን ዳገት የሚወጣና የሚወርድ ሰው አራት ንጹሕ ዓመት በኪሴ ነው ብሎ ባይቆጥር ይሻላል። የሆነ ሆኖ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ብንወስድ እንኳ 20,000 ከ11,000 ይበልጣል። ልጁ ገና በመጀመሪያው እድሳት ከስሯል።

ኖ ክሌም መሰላል ነው። አንድ አንድ ደረጃ ይወጣል፤ ሲወርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ አንድ ደረጃ አይደለም። አንዳንዱ ኩባንያ በአንድ የካሳ ጥያቄ መሬት ያወርድሃል። አንዳንዱ ሁለት ደረጃ ብቻ ያወርዳል። የሳቢያኑ ልጅ ሁለት ደረጃ ቢወርድ ኖሮ የሚያጣው 12,000፣ 8,000 እና 4,000፣ በድምሩ 24,000 ይሆን ነበር። ከ44,000 ይሻላል፤ ከ11,000 ግን አሁንም ይበልጣል። ስለዚህ ኢንሹራንስ ስትገባ "ስንት ትቀንሱልኛላችሁ?" ብቻ ብለህ አትመለስ። "አንድ ጊዜ ብጠይቅ ስንት ደረጃ እወርዳለሁ?" በል። ይሄን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የመጣ አይደለም። ሕንድ ውስጥ ቅናሹ በ20 በመቶ ጀምሮ በ25፣ በ35፣ በ45 አልፎ 50 ይደርሳል፤ በዓመቱ አንድ ካሳ ከጠየቅህ ዜሮ ነው። ማሌዥያም ጣሪያው 55 ይሁን እንጂ አወዳደቁ ያው ነው። ሲንጋፖር ትንሽ ታዝናለች፤ 50 ላይ ያለ ሰው በአንድ ጥያቄ ወደ 20 ይወርዳል። እነዚያ ለድሬ ባቡሩን ያመጡት ፈረንሳዮች ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው። አረቦኑ የሚባዛበት ቁጥር አለ፤ አዲስ መድን ገቢ በ1 ይጀምራል። በየንጹሑ ዓመት ቁጥሩ በ0.95 ይባዛል። በራሱ ጥፋት አደጋ ካደረሰ በ1.25 ይባዛል። ከ0.50 በታች አይወርድም፤ እዚያ ለመድረስም 13 ዓመት ይፈልጋል። ወደ ላይ ደግሞ እስከ 3.50 ይሄዳል፤ አጥፊው ሦስት ተኩል እጥፍ ሊከፍል ይችላል ማለት ነው። ለእኔ የፈረንሳዩ ይሻለኛል። ምክንያቱም ያ አሠራር የሚጠይቀው "ጥፋቱ የማን ነው?" ብሎ ነው። የእኛው ኖ ክሌም የሚጠይቀው ግን "ከካዝናችን ገንዘብ ወጥቷል ወይ?" ብሎ ነው።

ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚያኮርፍበት። "እኔ እኮ አላጠፋሁም!" ይላል። ላያጠፋ ይችላል።

ሐረር ሂዱ። ማታ ከፈላና በር ወጣ ብላችሁ ስትነዱ ጅብ ዘሎ ገባ እንበል። ፓራፋንጎ ተጣመመ፣ ራዲያተር ፈሰሰ። ጥፋቱ የማን ነው? የጅቡ። ኩባንያው ከከፈለህ በኋላ ገንዘቡን ከማን ይመልስ? ጅብ ኢንሹራንስ የለውም። ስለዚህ ወጪው የኩባንያው ሆኖ ይቀራል፣ ቅናሹም ይሄዳል። የወደቀ ድንጋይ ቢመታህም፣ ጎርፍ ቢወስድብህም ያው ነው። ጎርፍ ካነሳን አይቀር፣ የ1998ቱን ክረምት የደቻቱን ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው ውሉ ጎርፍን ይሸፍን አይሸፍን ሳያነብ መፈረም የለበትም። በተጨማሪ ክፍያ ብቻ የሚሸፈንበት ውል አለ።

ገጪው ሰው ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ደንገጎ ላይ ኢሱዙ ከኋላህ መጥቶ ገጨህ። ትራፊክ መጣ፣ ፕላን ተነሳ፣ ጥፋቱ የኢሱዙው ሆነ። ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው በኢሱዙው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ማለት መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት በሚከፍለው ሽፋን፣ በኩል መሄድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም መኪና ይሄ ሽፋን ሊኖረው ግድ ነው፤ ስቲከሩን መስታወቱ ላይ ታየዋለህ። ሽፋኑ ጣሪያ አለው፤ ጉዳትህ ከጣሪያው በታች ከሆነና በዚህ ከሄድክ የራስህ ፋይል ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። መንገዱ ግን ረጅም ነው፤ ሰው ቤት ደጅ መጥናት አለ። ሁለተኛው መንገድ የራስህ ኩባንያ እንዲያሠራልህ ማድረግ ነው። ኩባንያህ ከከፈለ በኋላ በአንተ ቦታ ተተክቶ አጥፊውን ይጠይቃል፤ ይሄን መብት የ1952ቱ የንግድ ሕግ ሰጥቶታል። ሙሉ በሙሉ ካስመለሰ በተለመደው አሠራር ቅናሽህ ይመለስልሃል።

ችግሩ ጊዜው ነው። ማስመለሱ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል። በዚህ መሃል እድሳትህ ይደርሳል። ፋይሉ ክፍት ስለሆነ አረቦንህን ያለ ቅናሽ ይሠሩታል። አንተም እያጉረመረምክ ትከፍላለህ። ከስድስት ወር በኋላ ገንዘቡ ከወዲያኛው ኩባንያ ተመለሰ። ማን ደውሎ "ና፣ የቅናሽህን ልዩነት ውሰድ" ይልሃል? ማንም። የካሳው ክፍል ፋይሉን ዘግቶ ያስቀምጣል፤ አረቦን የሚያሰላው ክፍል ሌላ ጠረጴዛ ነው፣ ወሬውም ላይደርሰው ይችላል። ስለዚህ ስታድስ አንድ ደብዳቤ ጻፍ። "ጥፋቱ የኔ ስላልሆነ፣ ካሳው ሲመለስ ቅናሼ እንዲመለስልኝ" በል። ቀኑንና የፋይል ቁጥሩን ጻፍበት፣ ቅጂው ላይ ማህተም አስመታ። ከዚያ በየሁለት ወሩ ብቅ እያልክ ጠይቅ። ያሰለቻል፤ ገንዘቡ ግን ያንተ ነው።

ገጭቶ ካመለጠስ? ታርጋውን ካልያዝክ የሚጠየቅ የለም። ባልታወቀ መኪና አካሉ ለተጎዳ ወይም ለሞተ ሰው የመድን ፈንድ አለ። ፈንዱ ግን ለሰው እንጂ ለፓራውልትህ አልተቋቋመም።

አሁን ወደ አደገኛው ነገር ልምጣ። እስካሁን ያልኩትን የሰማ ሰው "በቃ፣ ከአሁን በኋላ ለኢንሹራንስ አልናገርም" ብሎ እንዳይሄድ። ካሳ አለመጠየቅ ሌላ፣ አለማሳወቅ ሌላ ነው። አደጋ ሲደርስ ባወቅህ በአምስት ቀን ውስጥ ለኩባንያህ ማሳወቅ እንዳለብህ የንግድ ሕጉ ይናገራል። ውልህም ያንኑ ይደግመዋል።

ለምን አስፈለገ? ድሬ ላይ የተለመደውን አስቡት። መጋላ አካባቢ ባጃጅ ነካህ። ሰው ይሰበሰባል። "ተዉት አቦ፣ በመሃላችሁ ጨርሱት" ይባላል። 3,000 ብር ሰጠኸው፣ ተጨባበጣችሁ፣ ወደ በርጫህ ሄድክ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውየው "ወገቤን አሞኛል" ብሎ ክስ ይዞ መጣ። ወደ ኩባንያህ ሮጥክ። ያኔ የሚጠብቁህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። "ለምን በጊዜው አላሳወቅህም?" እና "ያለ እኛ ፈቃድ ለምን ጥፋቱን አምነህ ከፈልክ?" አብዛኛው ውል ያለ ኩባንያው ስምምነት ጥፋት ማመንን ይከለክላል። ቅናሽህን አድናለሁ ብለህ ሽፋንህን በሙሉ ታጣለህ።

እርቅ አልቃወምም። የተጫረ በር፣ የተሰበረ ስፖኪዮ፣ ሁለታችሁም ሰላም ከሆናችሁ ጨርሱት። ግን ከመክፈልህ በፊት ለኩባንያው ደውል። "እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል፣ ካሳ አልጠይቅም፣ ለመረጃ ያህል ያዙልኝ፣ በእርቅ ልጨርሰው ነው" በል። ማስመዝገብ ብቻውን ቅናሽ ይነካ እንደሆነም ያኔውኑ ጠይቅ። ከሰውየው ጋር ደግሞ ወረቀት ተጻጻፉ፤ ታርጋ፣ ቀን፣ የተከፈለው ብር፣ "ሌላ የምጠይቀው የለኝም" የሚል ቃል፣ ሁለት ምስክር። ስልክህ ካሜራ አለው፣ የጉዳቱን ፎቶ አንሳ። የሰው አካል ላይ ጉዳት ካለ ግን እርቅ የሚባል ነገር ከአፍህ አይውጣ። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ ፖሊስ፣ ቀጥሎ ኢንሹራንስ። እዚህ ላይ ስለ ቅናሽ የሚያስብ ሰው ካለ ከእኔ ጋር አንግባባም።

ሁለተኛው ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፦ "ዓመቱን ሙሉ ምንም አልጠየቅሁም። ቅናሼም ጨምሯል። ታዲያ አረቦኔ ለምን ከአምናው በለጠ?"

ቅናሹ በመቶኛ ነው። መቶኛው የሚሰላበት ዋናው ዋጋ ካደገ 50 በመቶ ተቀንሶልህም ከአምናው በላይ ልትከፍል ትችላለህ። የመኪና አረቦን በአብዛኛው የሚሰላው ከመኪናው ዋጋ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መኪናውም መለዋወጫውም ምን ያህል እንደናረ እናንተው ታውቃላችሁ። የአንድ ፋኖስ ዋጋ ሲጨምር ኩባንያው ለእያንዳንዱ አደጋ የሚያወጣው ይጨምራል፤ የሚጠይቅህም አብሮ። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ ከሕይወት ነክ ውጪ ካለው የኢንሹራንስ ሥራ ትልቁን ድርሻ የያዘው መኪና ነው፤ በመኪና የሚጎዳ ኩባንያ ለሁሉም ደንበኛ ዋጋ ያነሳል። ያንተ ንጽሕና ከዚያ አያስጥልህም። እንግሊዝ አገር ተጨማሪ ከፍለህ ቅናሽህን የምታስጠብቅበት ዘዴ አለ፤ እነሱም የሚጠበቀው መቶኛው እንጂ አረቦኑ እንዳልሆነ ሲገባቸው ይናደዳሉ።

እዚህ ላይ የማየው አንድ ብልጠት መሰል ነገር አለ። 2,400,000 ብር የምታወጣውን መኪና "1,200,000 በልልኝ" ብሎ ማሳደስ። አረቦኑ ቀነሰ፣ ደስ አለህ። አደጋ ደረሰና ጥገናው 200,000 ሆነ። ኩባንያው "መኪናህን ያስገባኸው በግማሽ ዋጋ ነው፣ ጉዳቱንም በግማሽ እንከፍላለን" ይላል። 100,000 ሰጠህ፣ ከዚያም ላይ ኤክሰሱን ቀነሰ፣ ከዚያም ቅናሽህን ወሰደ። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የባሰ የቁጠባ ዘዴ አላየሁም። ዋጋውን በየዓመቱ አስተካክል። አረቦኑ ከከበደህ ኤክሰሱን ከፍ አድርገህ ተደራደር። ትንንሹን ጉዳት ከኪስህ ልትሠራው ከወሰንክ፣ ኤክሰሱ ከፍ ቢል ብዙም አትጎዳም።

ኩባንያዎች ከብሩ መጠን ይልቅ ብዛቱን እንደሚፈሩም እወቁ። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ 10,000፣ 10,000 የሚጠይቅ ሰው፣ በአምስት ዓመት አንዴ 200,000 ከጠየቀው የበለጠ ያሳስባቸዋል። ለዚያ ሰው ቅናሹን መውሰድ ብቻ አይደለም፣ ጭማሪ ይጥሉበታል፣ ኤክሰሱን ያበዙበታል፤ ሲብስም ሙሉ ኢንሹራንሱን አናድስም ይሉታል።

ስለ ባጃጅ አንድ ነገር ልበልና ወደ ጥያቄያችሁ ልሂድ። ቅናሹ የሚጻፈው በመድን ገቢው ስም ነው፤ በባለንብረቱ። ሹፌሩ ገቢ እያስገባ አምስት ዓመት ያለ አንድ ጭረት ቢነዳም የሚያድገው የባለቤቱ ቅናሽ ነው። ነገ የራሱን ባጃጅ ገዝቶ ኢንሹራንስ ሲገባ ከዜሮ ይጀምራል። ሹፌሩ ሲገጭ ደግሞ የሚወድቀው የባለቤቱ ቅናሽ ነው፣ ባለቤቱም ዞሮ ሹፌሩ በሚያስገባለት ገቢ ላይ ይጨምርበታል። ሹፌሩ የሚወርሰው ቅጣቱን ብቻ ነው። ይሄ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ባለቤቶች፣ ዓመቱ በሰላም ካለቀ ከተቀነሰላችሁ አረቦን ላይ ለሹፌሩ ትንሽ ብታካፍሉት ምን ይጎድልባችኋል? ደግሞ እመኑኝ፣ በተዘዋዋሪ ያተርፋችኋል።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን እዚህ አስቀምጣለሁ።

አንዲት እናት "ልጄ፣ መኪናዬን ልሸጥ ነው፤ ቅናሹ ለገዢው ይሄዳል ወይ?" ብለው ጠየቁ። አይሄድም እናቴ። በተለመደው አሠራር ቅናሹ የእርስዎ እንጂ የመኪናው አይደለም። ሌላ መኪና ሲገዙ ይዘውት ይሄዳሉ። ገዢው ከእርስዎ መኪናውን እንጂ ታሪክዎን አይገዛም። ብዙ ጊዜ ያለ ኢንሹራንስ ከቆዩ ግን ቅናሹ ይቃጠላል፤ ስንት ወር እንደሚጠብቁልዎ ከመሸጥዎ በፊት ይጠይቋቸው።

አንዱ ወጣት ደግሞ "ባለፈው ዓመት ካሳ ጠይቄያለሁ። ሌላ ኩባንያ ሄጄ አልጠየቅሁም ብል በምን ያውቃሉ?" አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን የብዙ ሰው ነው። አዲሱ ኩባንያ ከድሮው ካሳ አለመጠየቅህን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቅሃል። ያለ ደብዳቤ ተቀበሉህ እንበል። እስክትገጭ ድረስ ምንም አይመጣም። ስትገጭ ግን ፋይልህን ይከፍታሉ፣ ወደ ድሮው ኩባንያ ይደውላሉ። አስበህ የዋሸኸው ነገር ከተገኘ በንግድ ሕጉ ውሉ ፈራሽ ነው። አረቦን እየከፈልክ ያለ ኢንሹራንስ ስትነዳ ኖረሃል ማለት ነው። ይልቅ እውነቱን ተናገርና በዋጋው ተከራከር። አንድ ጊዜ የጠየቀን ደንበኛ ለመሳብ ጥሩ ዋጋ የሚሰጥ ኩባንያ አይጠፋም፤ ሦስት አራቱ ጋ ዞረህ ዋጋ አምጣ። እድሳትህ ከመድረሱ ከወር በፊት ጀምር። በመጨረሻው ቀን ቦሎ ለማውጣት ስትራወጥ የሄድክ እንደሆነ ያሉህን ትከፍላለህ።